ጆሮ ዳባ ልበስ

እናቴ አባዬን የምትወቅስበት አንድ አባባል ነበራት። ሦስት ጊዜ ጠርታው ዝም ሲላት "ይኸው ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ" ትላለች። እኛ ልጆቹም አባዬ ኩሩና ዝምተኛ፣ ለቤቱ ወሬ ግድ የሌለው ሰው እየመሰለን አደግን። በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ግንባር መድፈኛ ነበር። ስለ ካራማራ ብዙ አውርቶልናል፤ ስለ ጆሮው ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሁለቱን ነገር ያገናኘሁት እኔ ራሴ የሰው አገር ወታደር ከሆንኩ በኋላ ነው።

አሜሪካ ጦር ውስጥ አራት ዓመት አገልግያለሁ። አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ የታጠቀ ጥበቃ ነኝ። ዲሲ ዙሪያ ይህን ሥራ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነውና ጽሑፉ በተለይ ለእናንተ ነው። በየዓመቱ ኢላማ ተኩሰን ማለፍ አለብን። ተኩሱ ብዙ ጊዜ ጣሪያና ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ ነው፤ ድምፁ መውጫ ስለሌለው ከግድግዳው ተመልሶ ድጋሚ ይመታችኋል።

ጦሩ ውስጥ እያለሁ የሚሰጡን የስፖንጅ መሰኪያ ነበር። ለሚያውቅበት ሰው ጥሩ ነገር ነው። በጣት አጥብቆ ማድቦልቦል፣ ጆሮን በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፣ ካስገቡት በኋላ እስኪያብጥ ይዞ መቆየት። ችግሩ ተኩሱን ሲዘጋ ሰውንም አብሮ መዝጋቱ ነው። አንድ ቀን "ተኩስ አቁም" ሲባል አልሰማሁም፤ ሁለት ጥይት ጨመርኩ። ማንም አልተጎዳም። አሰልጣኙ ግን ሄልሜቴን ይዞ ያወረደብኝን ስድብ እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ ትእዛዝ እንዲሰማኝ የግራውን መሰኪያ ላላ እያደረግኩ መተኮስ ጀመርኩ። ጠመንጃ በቀኝ ትከሻው ደግፎ ለሚተኩስ ሰው ደግሞ ወደ አፈሙዙ የሚዞረው የግራ ጆሮው ነው። ይኸው ዛሬ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ። ቀን ቀን የቤቱ ጫጫታ ይሸፍነዋል፤ ማታ ግን አብሮኝ ይተኛል።

ስለዚህ "ጆሮውን የሚደፍን ፈሪ ነው" የሚለውን ፉከራ ተዉት። ብዙ ወታደር ጆሮውን ክፍት የሚተወው ጓደኛው ሲጠራው መስማት ስላለበት ነው። ኤሌክትሮኒኩ የጆሮ መሸፈኛ የፈታው ይህንን ነው። ከውጭ ማይክሮፎን፣ ከውስጥ ትንንሽ ስፒከር አለው። ንግግሩን፣ ኮቴውን፣ የበሩን ድምፅ እንዲያውም ከፍ አድርጎ ያሰማል። ድምፁ ከ82 ወይም ከ85 ዲሲቤል ገደማ ሲያልፍ ግን በስፒከሩ የሚገባውን ይገድበዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጆሮን የሚከላከለው ኤሌክትሮኒኩ አይደለም፤ ፕላስቲኩና ጆሮ ዙሪያ የሚገጥመው ትራስ ነው። ኤሌክትሮኒኩ መስማትን ብቻ ይመልሳል። የመነጽራችሁ ዘንግ ትራሱን ትንሽ ካነሳው፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ቀዳዳ ያለው ጣሪያ ነው። የሽጉጥም የጠመንጃም ተኩስ 160 ዲሲቤል አካባቢ ይደርሳል፤ የአደጋው ድንበር 140 ነው። ልዩነቱ 20 ብቻ ነው እንዳትሉ። ዲሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም፤ 20 ዲሲቤል ማለት መቶ እጥፍ ጉልበት ነው። ቤት ውስጥ ስትተኩሱ ከሥር ስፖንጁን፣ ከላይ መሸፈኛውን አድርጉና ድምፁን ጨምሩ። የሁለቱ ቁጥር አይደመርም፤ የምታተርፉት 5 ዲሲቤል ገደማ ነው። ያቺም ትፈለጋለች።

ሄልሜት ለሚያደርግ ሰው ሌላ ጣጣ አለ። የመሸፈኛው ቅስት በአናት ላይ ያልፋል፣ ሄልሜቱ ይጫነዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ራስ ምታት ይለቅባችኋል። የድሮው ሄልሜት ጆሮ ላይ ስለሚወርድ ደግሞ ትራሱን ገፍቶ ያነሳዋል። ጎኑ ከጆሮ በላይ የተቆረጠው ሄልሜት የመጣው ለዚህ ነው፤ መሸፈኛው ከጎን ባለው ሐዲድ ላይ በክንድ ይሰካል። ፊልም ላይ ያያችሁት እሱ ነው። ያምራል፤ ግን ክንዱ በደንብ ካልተስተካከለ ሄልሜቱ በተነቃነቀ ቁጥር ትራሱም ይነቃነቃል። ሄልሜት የማያስፈልገው ሥራ ላይ ሆናችሁ ለፎቶ ብላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

3ኤም የተባለው ኩባንያ ለወታደሮች በሸጠው የጆሮ መሰኪያ ተከሶ፣ ጥፋተኛነቱን ሳያምን፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2023 6 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የውስጥ ጆሮ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ግን አንዴ ከሞቱ ሰው ላይ ድጋሚ አይበቅሉም።

ባለፈው ወር አባዬና እናቴ ሊጠይቁን መጡ። አንድ ማታ ጮክ ብዬ "መድፉ ሲተኮስ ምን ታደርጉ ነበር?" አልኩት።

"ጆሮህን በእጅህ ትይዛለህ። እጅህ ሥራ ከያዘ አፍህን ትከፍታለህ" አለና ሳቀ።

"አሁንስ፣ ማታ ማታ ይጮህብሃል?"

ቆየት ብሎ "ሁሉም ሰው የሚጮህበት ይመስለኝ ነበር" አለኝ።

ተነስቼ የተኩስ መሸፈኛዬን አመጣሁና አጠለቅኩለት፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ፍሪጁን አየው። ቧንቧውን አየው። የስድስት ዓመቷ ልጄ ከኋላው ሆና በዚያች ስብርብር አማርኛዋ "አባባ፣ ፈንዲሻ ትፈልጋለህ?" አለችው። የልጅ ቀጭን ድምፅ ለእሱ ከሁሉ በፊት የጠፋው ነው። በአንድ ጥሪ ዞረ። "አቤት የኔ እናት" አላት።

እናቴ ከሲኒዎቹ ቀና ብላ በሹክሹክታ "እንግዲህ እሱን ማማት ቀረ" አለችኝ።

"ሰምቻለሁ" አለ አባዬ።

ይህ ዕቃ የመስሚያ መሣሪያ አይደለም፤ እሱን ነግሬዋለሁ። የጆሮ ሐኪም ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው። እስከዚያው ግን አውልቅ ብለው እምቢ ብሎኛል። ሁለት ትሪፕል ኤ ባትሪ ነው የሚበላው፤ ትናንት ሙሉ ፓኮ ገዛሁለት።