ዕዳም ይርጋ አለው

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ፣ በየበዓሉ ድፎዋን የምትበሉላት ያቺ የአሌክሳንድሪያዋ እናታችን ትፈልግሃለች ተብዬ ቤቷ ብሄድ፣ ከአልጋዋ ሥር አንድ ከረጢት ሙሉ ያልተከፈተ ፖስታ ጎትታ ጉልበቴ ላይ አኖረችና፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር እንኳ ለእስራኤል ይህን ያህል ነቢይ አልላከም» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅም እንባዋ ቀደመው። ልትከራየው የነበረውን ቤት ክሬዲቷን አይተው ከልክለዋታል።

ፖስታዎቹን እየቀደድን በየቀናቸው ጠረጴዛው ላይ ብንደረድራቸው፣ እርሷ አራት ዕዳ መስሏት ለዓመታት እንቅልፍ ስታጣበት የኖረችው ነገር፣ ነፍሱን ይማርና ባለቤቷ በታመመበት ወራት በክሬዲት ካርድ የተበደረችው አንድ ዕዳ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ባንኩ ለአንድ ሰብሳቢ ሸጦት፣ ያም ለሌላው፣ ሌላውም ለሦስተኛው አሳልፎት፣ በየእጁ ስም እየለወጠ በደጇ ይገባ ኖሯል። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ባለገንዘብና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ የሥርዓቱ ጭካኔ የማይካድ ቢሆንም ቅሉ፣ ባለዕዳው ከማን ጋር እንደ ታሰረ ፊት ለፊት አይቶ ያውቅ ነበር። ይህች ሴት ግን ከማን ጋር እንደ ተቆራኘች ሳታውቅ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች።

እኔን ያሳዘነኝ ዕዳው አይደለም፤ ዝምታው ነው። ኦሪት ዘዳግም በ15ኛው ምዕራፉ በየሰባቱ ዓመት ለባለዕዳ ምሕረት እንዲደረግ መደንገጉን ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማን ሰዎች፣ በምንኖርበት በአሜሪካ ሕግም ለዚህ የሚቀራረብ ሥርዓት መኖሩን ሳንጠይቅ፣ ዕዳው ለሰብሳቢ ተላልፎ ኮሌክሽን የገባ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ የረከሰ ይመስል አንገታችንን ደፍተን እንኖራለን። በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ እንዲህ ያለው ዕዳ፣ ክፍያው መጀመሪያ ከተቋረጠበት ጊዜ አንሥቶ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከመዝገብ እንዲወጣ ያዛል፤ ዕዳው አሥር ጊዜ ቢሸጥም ዘመኑ እንደ ገና «ሀ» ብሎ አይቈጠርም። የእናታችን ሦስተኛ ሰብሳቢ ግን ያንኑ አሮጌ ዕዳ ትናንት የተቋረጠ አስመስሎ፣ ቀኑን ወደ ፊት ገፍቶ አስመዝግቦታል። ቤት ያስከለከላት ይህ ነው!

ከመዝገብ መውጣት አንድ ነገር፣ በፍርድ ቤት መከሰስ ሌላ ነገር መሆኑንም አትርሱ። የክሱ ይርጋ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ በብዙዎቹም ዘንድ፣ ሰብሳቢው በስልክ ለምኖ ወይም አስፈራርቶ ሃያ ዶላር ብቻ ቢቀበላችሁ፣ ያለፈው ይርጋ ከመቃብር ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በስልክ ምንም ቃል አትግቡ፤ የ1977ቱ የዕዳ አሰባሰብ ሕግ በሰጣችሁ በ30 ቀን ውስጥ «ዕዳው የእኔ መሆኑን አስረዱኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እስኪያስረዱም ድረስ መሰብሰባቸውን ማቆም ግዴታቸው ነው።

ይህን እየጻፍሁ ሳለ የእቁቡ ነገር ትዝ ብሎኝ ልቤ ታወከ። ይህች ክሬዲቷ አይታመንም ተብሎ ቤት የተከለከለች ሴት፣ በእንጀራ ቤቱ ጓዳ በየሳምንቱ በምንሰበሰብበት እቁብ ውስጥ አንድም ቀን ያላስታጐለች ሴት ናት፤ ባለቤቷ በተቀበረ በሣልስቱ፣ የእቁቡ ዳኛ «ይህ ሳምንት ይለፍሽ» ብሎ ቢልክባት፣ «የሰው ተራ በእኔ ሐዘን አይጓደልም» ብላ ገንዘቡን በእኅቷ እጅ የላከች ሴት ናት። ዕጣዋን አስቀድማ በወሰደችበት ዙር እንኳ እስከ መጨረሻው ከፍላለች። ይህን ሁሉ ጸሐፊያችን በዚያ በጥቁር ደብተሩ ጽፎታል፤ ሦስቱ የክሬዲት መዝገብ ቤቶች፣ ኤክስፔሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን ግን አንዲቱን መስመር አያውቁም። ቃል አክባሪነት ከባንክ ካልተበደሩ የማይታይ ከሆነ፣ ከ300 እስከ 850 የሚደርሰው ያ የክሬዲት ውጤት የሚመዝነው የሰውን ታማኝነት ነው ብሎ ማን ያስተምረኛል? ደግሞስ በ2017 የ147 ሚሊዮን ያህል ሰው ምስጢር ከኢኩፋክስ መዝገብ ሲዘረፍ፣ የእኛ ጸሐፊ ደብተሩን በደረት ኪሱ ይዞ ሲያስቀድስ ነበር! ለማሳቅ አይደለም፤ በቁም ነገር እኮራበታለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ለሦስቱም መዝገብ ቤቶች ከነማስረጃው ተቃውሞ ጽፈናል፤ በ30 ቀን ገደማ መርምረው፣ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ያልቻሉትን መሰረዝ አለባቸው። የሕክምና ዕዳ ያለባችሁ ደግሞ ሪፖርታችሁን ዛሬውኑ ተመልከቱ፤ የተከፈለው ከ2022፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነው ከ2023 ጀምሮ በሦስቱም ዘንድ መታየት የለበትም።

ስሟን መልሳ እንድትገነባም፣ 200 ዶላር በመያዣነት አስቀምጣ በዚያው ልክ የምትጠቀምበት ካርድ እንድታወጣ ተስማምተናል፤ ከፍ ያለ ነገር ሳትገዛ፣ በወር አንድ ጊዜ ጤፏን ገዝታበት፣ ቀኑ ሳይደርስ ሙሉውን ትከፍላለች። ከክሬዲት ውጤቱ 35 በመቶ ያህሉ በጊዜው በመክፈል የሚገኝ ነውና፣ በዚህ በኩል ለእርሷ አልሠጋም፤ እቁብ ያሠለጠናት ሴት ናት።

የምሠጋላት ለሌላ ነው። በገዛ ቋንቋችን «ክሬዲትሽን በአንድ ወር እናጠራለን» እያሉ የሚያውጁ ሰዎች አሉ፤ ባለፈው ዓመት ከእናታችን አስቀድመው 900 ዶላር ተቀብለው፣ ስልካቸውን ዘግተው ጠፍተዋል። ሥራው ሳይፈጸም ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ክፍያ መቀበል በ1996 በወጣ የፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ያን ገንዘብ ያጠራቀመችው ሌሊት ሌሊት የቢሮ ወለል እየወለወለች ነው። እናቱን በገዛ ቋንቋዋ አባብሎ የሚዘርፍ ሰው እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ቆሞ ያስቀድስ እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬ ከዚህ በላይ ለመጻፍ አልቻልሁም።