የወዳጅ ስም አደራ ነው

የቀድሞው ደብዳቤ የእጅ ጽሕፈቱ ምስክር ይሆነው ነበር፤ ኢሜይል ግን ስም ብቻ ለብሶ ይመጣል። ከቀበርነው ዓመት ካለፈው ወዳጄ አድራሻ «ቸግሮኛልና ገንዘብ ፈጥነህ ላክልኝ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ሌባው ከሟቹ መዝገብ ስማችንን ለቅሞ ለሁላችን ጽፎ ኖሯል።

በ1992 ዓ.ም. በሚያዝያ መጨረሻ «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ የያዘው ተንኮለኛ ፕሮግራምም ዓለምን ያወከው በወዳጅ ስም እየገባ ነበር፤ አባሪውን በከፈተው ሰው የአድራሻ መዝገብ ወዳሉት ሁሉ ራሱን ይልክ ነበርና። ሰው የማያውቀውን ይጠረጥራል፤ የወዳጁን ግን ሳይመረምር ይከፍታል።

ስለዚህ በየጳጉሜን መዝገቤን እመረምራለሁ፤ የተለወጠውን አድራሻ አቃናለሁ፣ ያረፉትን ለይቼ አኖራለሁ፣ የይለፍ ቃሌንም ለሁለት በር አላውልም። ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲመጣ የላኪውን ድምፅ ሳልሰማ መልስ አልሰጥም። መዝገቡ የእኔ ቢሆንም ስሞቹ የሰው አደራ ናቸውና።