መኪናውን አየን፤ ሻጩንስ?

ሰው ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሲሄድ ሜካኒክ ይዞ ይሄዳል። ሜካኒኩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ የዘይት መለኪያዋን መዝዞ በጨርቅ ይጠርጋል፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ያቀርባል። በሩን በጣቱ እያንኳኳ ስቱኮ የተለጠፈበትን ይለያል። ካርቶን አንጥፎ ከሥር ይተኛል። ግማሽ ቀን ብረት ሲመረመር ይውልና ሁሉም ተያይዘው ካፌ ይገባሉ፤ ከዚያ ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅሰው ወረቀት ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ተፈርሞ ያልቃል። ወረቀቱን የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነው፤ እሱም በቃሉ።

ሞተር የተበላሸበት ሰው ጋራዥ ይሄዳል። ሻጭ የተበላሸበት ግን ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ደግሞ ከጋራዥ ቀጠሮ እንኳ ይረዝማል። ሕግ ተምሬያለሁና ዘመድ ወዳጅ መኪና ሲገዛ «እስቲ ይቺን ውል እያት» እያለ ይደውልልኛል። የሚደውለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፈረመ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከፊርማ በፊት ገዢው ላይ ስላለው ግዴታ ልጻፍ። የሻጩን ግዴታ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሲጣላም ጮክ ብሎ ይጠራዋል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጩን በብዙ ይይዘዋል። ዕቃውን ያስረክባል፣ ባለቤትነቱን ያስተላልፋል፣ ሌላ ሰው መጥቶ «የእኔ ነው» ቢል ይመክታል፣ ለስውር ጉድለትም ዋስ ነው። ይህን የሰማ ገዢ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ግን ያው ሕግ ገዢውንም ይይዘዋል፦ አጋጣሚውን እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ፣ ካስታወቀ በኋላም መክሰስ ከፈለገ ዓመት ሳይሞላው እንዲከስ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ገዢው ሲዋዋል የሚያውቀው፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ባይኖርበት ኖሮ ሊያውቀው ይችል የነበረ ጉድለት ሻጩን አያስጠይቅም። «ሰውየውን አምኜው ነው» ብለህ ዳኛ ፊት ስትቆም፣ ስለ ራስህ ቸልተኝነት እየመሰከርክ ሊሆን ይችላል።

«ገዢ መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር በየውሉ አለች። ብዙ ሰው እንደ ማሳመሪያ ያልፋታል። ግን የሻጩን ዋስትና የምታጠበው እሷ ናት፤ ተዋዋዮች ዋስትናውን ሊያጠቡት ወይም ሊያስቀሩት ሕጉ ይፈቅዳል። ሻጩ አውቆ በተንኮል የደበቀው ጉድለት ካለ አንቀጿ አታድነውም፤ ችግሩ አውቆ መደበቁን የማስረዳቱ ሸክም አንተ ላይ መውደቁ ነው። ስለዚህ አፍ ላይ የተነገረው ሁሉ ወረቀት ላይ ይውረድ። «አልተጋጨም» ካለ ይጻፍ። «ኪሎ ሜትሩ አልተነካም» ካለ ይጻፍ። መንግሥት ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯልና፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ የባትሪው አቅም ስንት በመቶ ላይ እንዳለ ተለክቶ ይጻፍ። ለመጻፍ ሲጠየቅ የሚያንገራግር ሻጭ ብዙ ነገር ነግሮሃል።

አሁን ወደ ሻጩ። ሊብሬውን ተቀበልና ቁጭ ብለህ አንብበው። የሻንሲ ቁጥሩን አንዱ ከሊብሬው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን በጣቱ እየተከተለ ይመልስ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ታገኘዋለህ። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩት አጠር ያለ ቁጥር አላቸው፤ ለሌላው ዓለም የተሠሩት 17 ፊደልና አኃዝ። በዙሪያው አዲስ ቀለም ካየህ፣ የብየዳ ጠባሳ ካለ፣ አንዷ አኃዝ ከጓደኞቿ ዝቅ ብላ ከተቀመጠች አትቸኩል። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። ሞተር ተቀይሮ ከሆነ ነውር የለውም፣ ግን ሊብሬው ላይ መስፈር ነበረበት። ይህን ማየት ለኪስህ ብቻ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 682 የወንጀል ፍሬ የሆነ ዕቃ የተቀበለን ወይም የገዛን ሰው ሲጠይቅ፣ «አውቀህ ነበር ወይ?» ብሎ አያበቃም፤ «ማወቅ ይገባህ ነበር ወይ?» ብሎም ይጠይቃል። ገበያው ከሚለው በግማሽ የቀረበልህ መኪና ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው።

ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከፊትህ ከተቀመጠው ሰው ጋር አንድ ከሆነ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። ብዙ ጊዜ ግን አንድ አይሆንም። «ባለቤቱ ውጭ ነው፣ ውክልና አለኝ።» ይህን ያልሰማ የመኪና ገዢ ያለ አይመስለኝም።

ውክልና ሕጋዊ ነው፣ አልጠላውም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ሰው መኪናውን ለመሸጥ አውሮፕላን መሳፈር የለበትም፤ ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አረጋግጦ ይልካል፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ችግሩ ገዢው ወረቀቱ ላይ ማኅተም ካየ በኋላ ማንበብ ማቆሙ ነው። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ውክልና ለመሸጥ አይበቃም፤ መሸጥ የሚል ቃል በግልጽ ያስፈልጋል። ተወካዩ ሌላ ሰው እንዲወክል ካልተፈቀደለት በቀር ሥልጣኑን ለሦስተኛ ሰው ማሳለፍ አይችልም። ወካዩ በፈለገ ቀን ውክልናውን ሊሽረው ይችላል። ወካዩ ሲሞት ደግሞ፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ውክልናውም አብሮ ይሞታል።

ይህ የመጨረሻው የንድፈ ሐሳብ ነገር እንዳይመስልህ። የማውቀው ሰው ኮሮላ የገዛው ከሦስተኛ እጅ ነው። የመጀመሪያው ገዢ የስም ማዛወሪያ ወጪ ለመሸሽ ብሎ ስሙን ሳያዛውር ውክልና ብቻ ተቀበለ፤ እሱም ለሁለተኛው በውክልና፣ ሁለተኛውም ለእኔ ወዳጅ። ሁሉም ከፍለዋል፣ ሁሉም ነድተዋል፣ ማንም ማንንም አላታለለም። ስም ለማዛወር በሄደ ጊዜ ግን ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ውጭ አገር እንዳለ ማረፉ ተሰማ። አሁን የሚያናግረው ወራሾችን ነው፤ ከወራሾቹ አንዷ ደግሞ አባቷ መኪና መሸጡን ሰምታ አታውቅም። ሴትየዋን ልትቀየማት አትችልም። ወረቀቱ ላይ መኪናው እስከ ዛሬ የአባቷ ነው።

ስለዚህ በውክልና የምትገዛ ከሆነ ውክልናው አለመሻሩን መዝጋቢው ዘንድ አጣራ፣ ወካዩንም በቪዲዮ ደውለህ ፊቱን እያየህ አናግር። «እንዴት አድርጌ ባለቤቱን በሕይወት አለህ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ?» ያለኝ ሰው አለ። ሰላም በል፣ ይበቃል። ከመለሰልህ አለ ማለት ነው።

ከዚያ ትዳር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በሁለቱ ተጋቢዎች ስም የተመዘገበና ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ የሚንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር! ዛሬ የመኪና መጥረጊያ አይገዛም፣ ሕጉ ግን አልተነካም። በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ያልተስማማችው ሚስት ወይም ያልተስማማው ባል ሽያጩን ባወቁ በስድስት ወር ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ፤ ማወቁ ቢዘገይም ከውሉ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት በሩ ክፍት ነው። ውልና ማስረጃ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ አምጡ ሲል ሰዉ ቢሮክራሲ ነው ብሎ ያማርራል። እኔ ከዚያ ቢሮ አሠራር ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ሻጩ «እሷን ተዋት፣ የኔ ነው» ካለህ እሷን አለመተው ነው።

ዕዳና እገዳን ሁሉም ስለሚያውቀው ቶሎ ልለፈው። የተሽከርካሪው ፋይል ካለበት መሥሪያ ቤት የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ከክፍያ በፊት ይጣራል፣ በሻጩ ቃል አይታለፍም። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ብድሩ ካልተመለሰለት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ እንዲችል ሕግ የፈቀደለት ከ1990 ጀምሮ ነው። ከ2011 ወዲህ ደግሞ በሚንቀሳቀስ ንብረት ላይ የዋስትና መብት የሚመዘገብበት ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1147 ቆሟል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ መብቱ ለሌለው ሰው ሲዛወር ቀረጡ ይከፈላል፤ ማን እንደሚከፍለው ካልተጻፈ ጠቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል።

ብዙ ልል የምፈልገው ስለ ቀብድ ነው። ገዢው ውልና ማስረጃ ከመድረሱ በፊት ደላላው ዘንድ የመንደር ውል ይፈርማል፣ ጥቂት መቶ ሺህ ብር ይሰጣል። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፣ እሰርለት» ይሉታል። ይታሰራል፣ የሚታሰረው ግን እሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ውል መደረጉን ያስረዳል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ግን ከውሉ መውጫ በርም ነው። የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቆ መውጣት ይችላል። የተቀበለው ደግሞ እጥፉን መልሶ ይወጣል። ይህን ከገበያው ጋር አስላው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዋጋ በየሳምንቱ ሲዘል፣ 50 ሺህ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ 100 ሺህ መልሶ መኪናውን ለሌላ 300 ሺህ ጨምሮ ቢሸጥ ትርፉ 250 ሺህ ነው። ሕጉን አልጣሰም፣ ተጠቀመበት እንጂ። ይህ እንዳይደርስብህ የሰጠኸው ገንዘብ ቀብድ ይሁን የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ በግልጽ ይጻፍ፤ ውሉን ያፈረሰ የሚከፍለው ገደብም የሚያምና የሚከለክል ይሁን። ከውሉ ግርጌ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731፣ 2005፣ 2266 መሠረት የጸና ነው» የሚለው የቁጥር ሰልፍ ብቻውን አያስጥልህም።

ያው የመንደር ውል ሁለት ምስክር ይፈልጋል። ደላላው አንዱ ምስክር ሆኖ ሲፈርም ብዙ ጊዜ አያለሁ። ኮሚሽኑን ከዚያው ሽያጭ የሚያገኝ ሰው ነገ ላንተ ሊመሰክር መጥቶ ምን እንደሚል አስበው። የራስህን ሰው ይዘህ ሂድ።

ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ላይ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፣ ግድ የለም። የቴምብር ቀረጡንና የዝውውር ወጪውን ለመቀነስ ሁለት ሚሊዮን የተከፈለበት መኪና ውሉ ላይ ስምንት መቶ ሺህ ሆኖ ይሰፍራል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ይባላል። መጀመሪያ ነገር፣ ሐሰተኛ ቁጥር ላይ የምትፈርመው አንተ ነህ፣ ደላላው አይደለም። ሁለተኛ፣ ነገ እውነተኛው ባለቤት መጥቶ መኪናውን ቢወስድብህና ሻጩ ዋጋ እንዲመልስ ብትከስ፣ በጽሑፍ የሰፈረው በተዋዋዮቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ ከጽሑፉ የተለየውን በሰው ምስክር ላስረዳ ብትል ሕጉ በሩን ይዘጋብሃል። ቀሪው አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ የት ሄደ? በካሽ በፌስታል ከሰጠኸው ሻጩም፣ ፌስታሉም አያውቁህም። እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ፣ ክፍያው በሲፒኦ ወይም ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይሁን፣ ሒሳቡም ሊብሬው ላይ ባለው ስም የተከፈተ ይሁን። የአጎቱ ልጅ ሒሳብ አይደለም።

ሰዉ የሚረሳት አንዲት መስመር አለች፦ ቁልፉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ከርክክቡ በፊት የተቆረጠ የትራፊክ ቅጣት ወይም የተገጨ አጥር የሻጩ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ያንተ መሆኑን የሚለየው ያቺ ሰዓት ናት። የሦስተኛ ወገን መድኑ በማን ስም እንዳለና መቼ እንደሚያበቃ ያኔውኑ ጠይቅ፤ ያለ መድን መንገድ ላይ መውጣት በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተከለከለ ነው፣ «ገና ዛሬ ገዝቼው ነው» የሚል ማስተባበያም የለውም። መድኑ ካለቀ ነገ ጠዋት አሳድሰህ መኪናውን ውሰደው፣ ሻጩ ግቢ አንድ ሌሊት ቢያድር ዝገት አይበላውም።