ከድራይቨሩ በፊት ወረፋውን

አሶሳ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሊኑክስ ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር የተገናኘ ፕሪንተር አልታዘዝ ካለ፣ ብዙ ሰው የሚጣደፈው ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ለመጫን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የሕትመት ወረፋው ይታይ እላለሁ። ካፕስ የሚባለው የሕትመት ሥርዓት ሥራ መሃል ላይ ሲቋረጥበት ወረፋውን ራሱ ሊያቆመው ይችላል፤ ከዚያ ፕሪንተሩ ቢበራም፣ ወረቀት ቢገባም የተላከው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ብሮውዘር ላይ ሎካልሆስት ብሎ፣ ሁለት ነጥብ አስከትሎ 631 መጻፍ፣ የተጠራቀመውን መሰረዝ፣ ከዚያ ‹‹ሪዙም ፕሪንተር›› የሚለውን መጫን ነው። ገጹ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል፤ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ‹‹ሊኑክስ ከፕሪንተር ጋር አይስማማም›› የሚሉት በከፊል ልክ ናቸው፤ አንዳንድ የካነን ሌዘሮች የአምራቹን ድራይቨር ይፈልጋሉ። ለብዙዎቹ ኤችፒዎች ግን ኤችፒሊፕ የሚባለው ድራይቨር በነፃ አለ። ደግሞስ ትናንት ፕሪንት ሲያደርግ የነበረ ማሽን፣ ሲስተሙ ሳይታደስ ድራይቨሩ በምን ይጠፋል?