እጅህ መድኃኒት ይሁን

የነርስነት ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቀን መምህራችን በጫፉ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን ዘንግ አደሉንና «ዛሬ የምትመረምሩት ሕመምተኛ ራሳችሁን ነው» አሉን። ዘንጉን አፍንጫችን ውስጥ አዙረን፣ ጨው በበዛበት ቀይ የባክቴሪያ ማራቢያ ሳህን ላይ ቀባነው። የሳቅና የቀልድ ሰዓት ነበር። በማግስቱ ሳህኖቹን ስናነሣ ግን ሳቁ ቀነሰ። የአንዳንዶቻችን ሳህን ከቀይ ወደ ቢጫ ተለውጦ አደረ፤ የእኔም ከእነዚያ አንዱ ነበር። ተጨማሪ ምርመራ ተደረገለትና ስሙ ተነገረኝ፤ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን በአጉሊ መነጽር ሲያየው የወይን ዘለላ ስለመሰለው ከግሪክ ቋንቋ ስም አወጣለት፤ «ኦሪየስ» ደግሞ በላቲን ወርቃማ ማለት ነው። ስሙ እንዲህ ያማረ እንግዳ አፍንጫዬ ውስጥ መክረሙን አላውቅም ነበር።

መምህራችን አጽናኑን። ከአሥር ሰዎች ሦስቱ ያህል ይህን ባክቴሪያ በአፍንጫቸው ይዘው በጤና ይኖራሉ፤ መሸከም መታመም አይደለም። ቆዳ ሲቀደድ ግን በር ይከፈትለታል። ብጉንጅ ያወጣል፣ የቀዶ ሕክምና ቁስልን ያመግላል፣ ደም ውስጥ ከገባም ሊገድል ይችላል። ፔኒሲሊንን መቋቋም ከተማረ ቆይቷል፤ ሜቲሲሊን ለተባለው ተተኪ መድኃኒት የማይበገር ዝርያም እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዝ አገር ታወቀ። በሕሙማን መካከል የሚመላለስ ተማሪ እንዲህ ያለውን ዝርያ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሊያደርስ፣ ወደ ቤቱም ይዞት ሊገባ ይችላል። ዋናው መንገድ እጅ ነው።

እኔ ግን መጽናናት አልቻልሁም። በዚያን ሰሞን ለልምምድ በተመደብሁበት የቀዶ ሕክምና ክፍል የአንዲት አሮጊት እናትን የእግር ቁስል አጥብ ነበር። ቁስሉን ሸፍኜ በጨረስሁ ቁጥር «ልጄ፣ እጅህ መድኃኒት ይሁን» ብለው ይመርቁኛል። ያ ቁስል መግል ከያዘ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ከእኔ እጅ ይሁን፣ ከሌላ ሰው ወይም ከራሳቸው ቆዳ፣ ማንም አላጣራም፤ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው፣ በሁለት አልጋዎች መካከል አፍንጫዬን መነካካቴንና የቧንቧ ውኃ ጠፍቷል ብዬ እጄን ሳልታጠብ ማለፌን ነው። ለሕሙማን ስለ ንጽሕና የማስተምረውም እኔው ነበርሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ አይደል?

እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ኢግናዝ ሴሜልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገቡ ሐኪሞችና ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ አዘዘ። የወላዶች ሞት በእጅጉ ቀነሰ። ይሁንና ብዙ ሐኪሞች ተቃወሙት፤ የሚያድን እጃቸው ሞት ይዞ ይሄዳል መባሉን ሊቀበሉ አልቻሉም። ይህን ታሪክ ሳነብ ልፈርድባቸው አልደፈርሁም። እኔም የተመረቀ እጄን መጠርጠር ከብዶኝ ነበርና።

በማግስቱ ውኃ በባልዲ አምጥቼ፣ ከአልጋቸው አጠገብ በሳሙና መታጠብ ጀመርሁ። የእማማ ፊት ጠቆረ።

«ልጄ፣ ተጸየፍኸኝ እንዴ?»

«የለም እማማ፤ ከእኔ ወደ እርስዎ እንዳይተላለፍ ብዬ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ከትራሳቸው ቀና ብለው ጣሳውን ከእጄ ተቀበሉና፣ ለማዕድ እንደሚያስታጥቡኝ ሁሉ ውኃውን ያፈስሱልኝ ጀመር። በወጋችን ታላቅን የሚያስታጥበው ታናሽ ነው። አፈርሁ፤ እጄን ግን አልሰበሰብሁም።

ቁስላቸው ከሳምንታት በኋላ ድኖ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያንን ምርቃት ዛሬም ከሌሎች ሕሙማን አንደበት እሰማዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር፣ «አሜን» ከማለቴ በፊት እጄን አያለሁ።