ማስረጃ ከየት ይመጣል? አክሊሉ ለማ፣ እንዶድና የድሬዳዋ ወባ

የቢልሃርዚያ ተመራማሪው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 በጅጅጋ ተወለዱ። ስማቸው ዘወትር ከእንዶድ ጋር ይነሣል፤ ለተመራማሪ ትውልድ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከግኝቱ በኋላ የተጓዙበት መንገድ ነው።

በ1964 በአድዋ በሽታውን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ወራጅ ውኃ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ሲጨመርባቸው እነዚያም ሞቱ። ለዘመናት የልብስ ማጠቢያ የነበረው ተክል የበሽታውን ሰንሰለት ሊበጥስ እንደሚችል በዚህ ታወቀ።

አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ምርጥ የእንዶድ ዝርያዎችን በመለየት አብረዋቸው ከደከሙት ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ለማግኘት ረጅም ዘመን ጠበቀ። የመርዛማነት ምርመራ መጠየቁ ተገቢ ነበር። አክሊሉ አጥብቀው የተቃወሙት ከድሃ አገር ላቦራቶሪ የወጣ ውጤት ገና ሳይመረመር በጥርጣሬ መታየቱን ነው።

ይህ ሙግት በድሬዳዋ ዛሬም ትርጉም አለው። በ2022 በከተማዪቱ የተነሣውን የወባ ወረርሽኝ የመረመረው ጥናት በአዲስ አበባው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የተመራ ሲሆን፣ በ2023 በኔቸር ሜዲስን ታተመ። ጥናቱ ከእስያ የመጣችውና በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በወረርሽኙ ሚና እንዳላት ጠንካራ ማስረጃ አቀረበ፤ የወባው ጥገኛ ተሕዋስም የአርቴሚሲኒንን መድኃኒትና የምርመራ መሣሪያን የመቋቋም ምልክቶች እንደነበሩት አሳየ። ችግሩ በታየበት አገር ያለ ተቋም ማስረጃውን አዘጋጅቶ ለዓለም አቀረበ።

አክሊሉ በ1997 አረፉ፤ የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በድሬዳዋ ግን ማስረጃው ብቻውን የማንንም ቤት የውኃ በርሜል አይከድንም። አክሊሉ ከወንዙ ዳር ያገኙትን ወደ መስክ ሙከራ እንዳሸጋገሩት ሁሉ፣ ይህንንም ወደ መከላከል ሥራ ማሸጋገር የተተኪዎቻቸው ድርሻ ነው።