ጋራው ማን ይባላል?

ከባንክ ሥራ ስመለስ ማታ ማታ ለሰባት ዓመት ልጄ የምጽፈው አንድ ተረት አለኝ፡፡ የሌለ አገር ፈጠርኩ፤ ወንዝ አፈሰስኩበት፤ በሰሜኑም የተራራ ሰንሰለት አቆምኩና «ዛርቆንድ» አልኩት፡፡ ስሙ ማስፈራቱ ደስ አሰኘኝ፡፡ ሳነብላት ግን አቋረጠችኝ፤ «አባዬ፣ ስሙን ማን አወጣለት?»

መልስ አጣሁ፡፡

ቶልኪን በ«የቀለበቶች ጌታ» ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው፡፡ አንዱን ተራራ ኤልፎቹ «ካራድራስ»፣ ድንኮቹ «ባራዚንባር» ይሉታል፤ ሁለቱም «ቀይ ቀንድ» ማለት ነው፡፡ ስም አውጪው ሕዝብ ቆሞ ያየው ነገር በስሙ ውስጥ አለ፡፡

ለካስ የእኛም ተራሮች እንዲሁ ናቸው! በባሌ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ተራራ» ማለት ነው፡፡ «የቱሉ ዲምቱ ተራራ» ስንል «የቀይ ተራራ ተራራ» ማለታችን መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለን ይሆን? በሰሜን ያለው ደጀን (ዳሸን የሚሉትም አሉ) «ራስ» ተብሎ እንደ መኳንንት ተጠራ፤ የላስታው ዮሴፍ ደግሞ «አቡነ» ተባለ፡፡ አንዱ አገር ለተራራው ቀለሙን፣ ሌላው ማዕረግን፣ ሌላው የአባትነትን ክብር ሰጠው፡፡

እኔስ? ዝናብ በማይለያት መቱ፣ ከቤታችን ጀርባ ጉም ለብሶ የሚያድር ጋራ አለ፡፡ እኛ ዝም ብለን «ጋራው» እንለዋለን፤ ቃሉን አማርኛውም ኦሮምኛውም ይጋሩታል፡፡ አያቴ ግን በሌላ ስም ትጠራው ነበር፡፡ በልጅነቴ ደጋግማ ነግራኛለች፡፡ ረሳሁት፤ እሷም አረፈች፡፡

በቀደም ዕለት ጡረታቸውን ሊቀበሉ የመጡ አንድ አዛውንት ከመስኮቴ ፊት ቆሙ፡፡ ገንዘባቸውን ቆጥሬ ከሰጠኋቸው በኋላ ስለ ጋራው ጠየቅኳቸው፡፡

«ከየት በኩል ያለውን ስም ነው የምትፈልገው ልጄ? ከወዲህ ያሉት አንድ ይሉታል፤ ከማዶ ያሉት ሌላ፡፡ አያትህ የየት ሰው ነበሩ?»

ክው አልኩ፡፡ አያቴ ተወልዳ ያደገችው ከማዶ ነው፡፡ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጋራውን ያየሁት ጀርባውን ኖሯል፡፡

ማታ «ዛርቆንድ»ን ሰረዝኩት፡፡ ቦታውን ግን በሌላ ስም አልሞላሁትም፡፡ የፊታችን እሑድ ልጄን ይዤ ወደ ማዶ እሻገራለሁ፤ ስሙን የሚያስታውስ አንድ ሰው አይጠፋም ይሆናል፡፡